ፈቃድ ያለው፣ ከለላ የሌለው ንግድ፦ የአሜሪካ የማሪዋና ገበያና የሁለት ሕጎች ዋጋ

አንድ ነጋዴ የንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሱቁን በአውራ ጎዳና ላይ ከፍቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮና ግብሩን በየጊዜው እየከፈለ ሲሠራ፣ በዚያው አገር ሕግ ወንጀለኛ ሊባል ይችላልን? ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። በዩናይትድ ስቴትስ ግን በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚዘዋወርበት የገበያ እውነታ ነው። ዕቃው ማሪዋና ሲሆን፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ ወንጀል ነው የሚለው ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕፁ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን ክርክር ማንሳት አይደለም። እሱን ለሐኪሞችና ለሕግ አውጪዎች እንተወው። የገበያ ሰው ሊማርበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሁለት ሕጎች በአንድ ዕቃ ላይ ሲጋጩ የግጭቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የሚከፍለውስ በምን መልክ ነው? መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዋጋውን የሚከፍለው ነጋዴው ነው፤ የሚከፍለውም ከእስር ቤት ይልቅ በግብር፣ በባንክ፣ በውልና በካፒታል በኩል ነው። ዝርዝሩን ደረጃ በደረጃ እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግጭቱ እንዴት ተፈጠረ?

የፌዴራሉ ምክር ቤት፣ ኮንግረስ፣ በ1970 ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ዕፆች የሚመለከት ሕግ ሲያወጣ ዕፆችንና መድኃኒቶችን በአምስት መደብ ከፋፈላቸው። ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ አስቀመጠው። አንደኛው መደብ ማለት በሕጉ አነጋገር ተቀባይነት ያለው የሕክምና ጥቅም የሌለውና ለሱስ የማጋለጥ ኃይሉ ከፍተኛ የሆነ ዕፅ ማለት ነው። በዚህም መሠረት ማምረቱም፣ መሸጡም፣ መያዙም ወንጀል ሆነ።

ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ የካሊፎርኒያ ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ በሐኪም ምክር ማሪዋና ለሚወስዱ በሽተኞች በክፍለ ግዛቱ ሕግ በሩን ከፈተ። ሌሎችም ተከተሉ። በ2012 ደግሞ ኮሎራዶና ዋሽንግተን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደው ሕክምና ሳያስፈልገው ማንኛውም ከ21 ዓመት በላይ የሆነ ሰው እንዲገዛ ፈቀዱ። የኮሎራዶ ሱቆች ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 በራቸውን ከፈቱ። በ2021 የዚያ ክፍለ ግዛት ዓመታዊ ሽያጭ ከ2.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ 24 ክፍለ ግዛቶች ለዐዋቂዎች ፈቅደዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን የ1970ው ሕግ አልተሻረም።

የበላይ ሕግ ካለ፣ እንዴት ሊፈቅዱ ቻሉ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 የፌዴራል ሕግ ከክፍለ ግዛት ሕግ በላይ መሆኑን ይደነግጋል። ታዲያ የኮሎራዶ ሕግ ለምን ወዲያው አልፈረሰም?

ምክንያቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸው ነው። አንደኛው የራስን ክልከላ ማንሳት ነው፤ ሁለተኛው የሌላውን ክልከላ ማንሳት ነው። ክፍለ ግዛት የመጀመሪያውን ማድረግ ይችላል፣ ሁለተኛውን አይችልም። በሌላ በኩል የፌዴራሉ መንግሥት የራሱን ሕግ በራሱ ፖሊስና በራሱ ዐቃቤ ሕግ ማስከበር ይችላል፤ ክፍለ ግዛቱን ግን «አንተም ከልክል» ወይም «ፖሊስህን አሰማራልኝ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 ከጦር መሣሪያ ሽያጭ ጋር በተያያዘ ጉዳይ ይህንኑ አረጋግጧል። የአሜሪካ ፖሊስ አብዛኛው በክፍለ ግዛትና በከተማ ሥር ያለ በመሆኑ፣ የፌዴራሉ ኃይል ብቻውን በየመንደሩ ያለውን ሱቅ ሊዘጋ አይችልም። ንግዱ የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ለአንባቢያችን በእኛ አገር ሁኔታ ብናስረዳው ይቀላል። በ1995 ሥራ ላይ በዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ክልሎች ሕግ ሊያወጡ የሚችሉት የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ በግልጽ ባልሸፈነው ጉዳይ ነው። አደንዛዥ ዕፅ በ2004ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ስለተሸፈነ፣ አንድ ክልል ተነስቶ «እኔ ፈቅጃለሁ» ሊል አይችልም። በአሜሪካ ግን 50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የወንጀል ሕግ አላቸው። የፌዴራሉ ሕግ ከላይ ተደርቦ ይቀመጣል። ስለዚህ አንዱ ሲነሳ ሌላው ባለበት ይቀራል።

ባለበት መቅረቱም በፍርድ ቤት ተፈትኗል። በ2002 የፌዴራል ፖሊሶች በካሊፎርኒያ አንዲት በሽተኛ ለራሷ ያበቀለቻቸውን ስድስት የማሪዋና ተክሎች ነቅለው አጠፉ። በክፍለ ግዛቱ ሕግ ሴትየዋ ምንም ጥፋት አልነበረባትም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2005 «ጎንዛሌስ በራይች ላይ» በሚባለው መዝገብ በ6 ለ3 ድምፅ ለፌዴራሉ መንግሥት ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ የተመረኮዘው በ1942 በአንድ የኦሃዮ ስንዴ አምራች ላይ በተሰጠ ውሳኔ ነበር። ያ ገበሬ ከተፈቀደለት ኮታ በላይ ስንዴ ዘርቶ «ለቤቴ ፍጆታ ነው እንጂ አልሸጥኩትም» ቢልም አልተቀበሉትም። ለቤት የሚበቅለው ሲደመር የአገሪቱን ገበያ ይነካል ተባለ። በማሪዋናውም ላይ ያው ሐሳብ ሠራ። ስድስት ተክል ካልዳነ ስድስት ሺህ ተክል ያለው ነጋዴ በምን ሊመካ ይችላል?

ሕግ ሳይሆን ደብዳቤ

መመኪያው ለረጅም ጊዜ አንድ ደብዳቤ ነበር። በኦገስት 2013 የወቅቱ ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄምስ ኮል ለፌዴራል ዐቃቤ ሕጎች መመሪያ ጻፉ። ለልጆች መሸጥን፣ ለወንጀለኛ ቡድን ገቢ መሆንን፣ ወደሌላ ክፍለ ግዛት ማሻገርንና የመሳሰሉትን ስምንት ነጥቦች ዘርዝረው፣ ክፍለ ግዛቱ እነዚህን በሚገባ እስከተቆጣጠረ ድረስ ዐቃቤ ሕግ አቅሙን በሌላ ላይ እንዲያውል አሳሰቡ። ገበያው ይህን እንደ ፈቃድ ወሰደው። ቤት ተከራየ፣ መሣሪያ ተገዛ፣ ገንዘብ ፈሰሰ።

ካሊፎርኒያ ለዐዋቂዎች መሸጥ የጀመረችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 4፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጄፍ ሴሽንስ የኮልን ደብዳቤ ሻሩት። ለመሻር ምክር ቤት መሰብሰብ፣ ድምፅ መስጠት አላስፈለገም። በደብዳቤ የመጣው በደብዳቤ ሄደ። እርግጥ የተፈራው የዘመቻ እስር አልመጣም። ነገር ግን የነጋዴው ኢንቨስትመንት በአንድ ባለሥልጣን ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር በዚያ ቀን ግልጽ ሆነ።

ከደብዳቤ ጠንከር ያለው መከላከያ በዲሴምበር 2014 ከበጀት ሕጉ ጋር የተያያዘው አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የክፍለ ግዛቶችን የሕክምና ማሪዋና ሕግ ለማደናቀፍ ገንዘብ እንዳያወጣ ይከለክላል። በ2016 የምዕራቡ አካባቢ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን አንቀጽ ተመርኩዞ የክፍለ ግዛቱን ሕግ አሟልተው የሠሩ ሰዎች ሊከሰሱ እንደማይገባ ወሰነ። ሆኖም ፍርድ ቤቱ አያይዞ ያስጠነቀቀውን ነጋዴ ሊዘነጋው አይገባም። አንቀጹ የተጻፈው ለሕክምናው እንጂ ለመዝናኛው ሽያጭ አይደለም። በየበጀቱ መታደስ አለበት። ኮንግረስ አንድ ዓመት ሳያድሰው ቢቀር መንግሥት ዛሬ ለተፈጸመው ድርጊት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ወደኋላ ሄዶ ሊከስ ይችላል። ወንጀሉ አልተሰረዘም፤ የከሳሹ ኪስ ብቻ ነው የተቆለፈው።

ግብሩ፦ በትርፍ ላይ ሳይሆን በሽያጭ ልዩነት ላይ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በ1981 አንድ የሚኒያፖሊስ አደንዛዥ ዕፅ ሻጭ ግብር ሲጠየቅ የስልክ፣ የመኪናና የቤት ኪራይ ወጪዬ ይቀነስልኝ ብሎ ተከራክሮ በከፊል ረታ። ኮንግረስ በዚህ ተቆጥቶ በ1982 አንቀጽ 280ኢ የሚባለውን የግብር ድንጋጌ አወጣ። በአንደኛውና በሁለተኛው መደብ ባሉ ዕፆች የሚነግድ ሰው የሥራ ማስኬጃ ወጪውን ከገቢው ላይ መቀነስ አይችልም። የሚፈቀድለት የራሱን የዕቃውን ዋጋ መቀነስ ብቻ ነው። ሕጉ የታሰበው ለጎዳና ሻጭ ነበር፤ የያዘው ግን ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያለውን ነጋዴ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ኩባንያ በዓመት 1,000,000 ዶላር ይሸጣል። የዕቃው ዋጋ 600,000 ዶላር ነው። ለኪራይ፣ ለደመወዝ፣ ለጥበቃና ለማስታወቂያ 300,000 ዶላር ያወጣል። የተጣራ ትርፉ 100,000 ዶላር ይሆናል። የፌዴራሉ የኩባንያ ግብር 21 በመቶ ስለሆነ፣ ኩባንያው ጫማ ሻጭ ቢሆን ኖሮ 21,000 ዶላር ከፍሎ 79,000 ይተርፈው ነበር። ማሪዋና ሻጭ ሲሆን ግን የሚታሰበው በ400,000 ዶላሩ ላይ ነው። ግብሩ 84,000 ዶላር ሆኖ የሚቀረው 16,000 ብቻ ነው። የማስኬጃ ወጪው ወደ 340,000 ዶላር ከፍ ቢልስ? ትርፉ 60,000 ይሆናል፤ ግብሩ ግን ያው 84,000 ነው። ነጋዴው አትርፎ እያለ 24,000 ዶላር ከኪሱ ጨምሮ ይከፍላል ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። ሃርቦርሳይድ የተባለው የታወቀ የካሊፎርኒያ ሻጭ በ2018 በግብር ፍርድ ቤት ተከራክሮ ተሸንፏል፤ በ2021 ይግባኙም አልተሳካለትም። እንግዲህ መንግሥት ንግዱን ወንጀል ነው ይላል፣ ግብሩን ግን ይሰበስባል።

ባንኩ፦ ጥሬ ገንዘብ የሞላበት መጋዘን

በፌዴራሉ ሕግ ወንጀል ከሆነ ሥራ የተገኘን ገንዘብ መቀበል በራሱ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ የማቅረብ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ባንኮች ሒሳብ አንከፍትም አሉ። በፌብሩዋሪ 2014 የግምጃ ቤቱ የገንዘብ ወንጀል መከታተያ ክፍል፣ ፊንሴን፣ ባንኮች እነዚህን ነጋዴዎች ሊያስተናግዱ የሚችሉበትን መመሪያ አወጣ። መመሪያው ግን ባንኩ በእያንዳንዱ የማሪዋና ደንበኛው ላይ አጠራጣሪ የገንዘብ እንቅስቃሴ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህ ሥራ ሠራተኛና ጊዜ ይጠይቃል፤ ወጪው ተመልሶ በደንበኛው ላይ ይጫናል።

ኮሎራዶ በ2014 ፎርዝ ኮርነር ለተባለ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ፈቃድ ብትሰጥም፣ የካንሳስ ሲቲ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በ2015 ሒሳብ አልከፍትለትም አለ። ባንኮቹን ከክስ የሚጠብቅ ረቂቅ ሕግ በ2019 በተወካዮች ምክር ቤት በ321 ለ103 ድምፅ አልፎ ነበር። ሴኔቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ቢቀርብ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ሕግ ሊሆን አልቻለም። ውጤቱ ምንድን ነው? ታላላቆቹ የክሬዲት ካርድ ኩባንያዎች ክፍያውን አያስተላልፉም። ሱቁ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፤ ለዘበኛ፣ ለካዝናና ለታጠቀ መኪና ይከፍላል። ቀማኛም ይህን ያውቃል።

ገበያው ራሱም የተቆራረጠ ነው። ዕቃው የክፍለ ግዛት ድንበር ካለፈ የፌዴራሉ ወንጀል ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት እንደ ደሴት ነው። ኦሬጎን በ2019 በእጅዋ የነበረው ክምችት ለስድስት ዓመት ተኩል ፍጆታ እንደሚበቃ የራሷ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ገልጾ ነበር። ዋጋ ወደቀ፣ አምራቾች ተጎዱ። ድንበር ተሻግሮ ግን መሸጥ አይቻልም። ደላላ የዋጋ ልዩነት አይቶ ሻጭና ገዢ ሊያገናኝ የማይችልበት ገበያ ይሏል ይህ ነው።

ውል፣ ብድርና ኪሳራ

የገበያ ሰው የመጨረሻ መጠጊያው ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ግን ያም ይጠብባል። ሁለት የአሪዞና አበዳሪዎች ለአንድ የኮሎራዶ የማሪዋና መሸጫ በድምሩ 500,000 ዶላር አበደሩ። ተበዳሪው ሳይከፍል ቀረና ጉዳዩ በአሪዞና ፍርድ ቤት ታየ። በ2012 ዳኛው ውሉ ለፌዴራል ወንጀል ማካሄጃ የተደረገ ስለሆነ ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም ብለው ዘጉት። ኮሎራዶ በ2013 እንዲህ ያሉ ውሎች በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳይፈርሱ ሕግ ብታወጣም፣ ሕጉ የሚሠራው በኮሎራዶ ነው።

ኪሳራ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ የፌዴራል ሕግ ነው። ጫማ ሻጭ ሲከስር ለፍርድ ቤት አመልክቶ ዕዳውን ያስተካክላል፣ ፋታ ያገኛል። የማሪዋና ነጋዴ ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት ወንጀል የሆነን ሀብት አያስተዳድርም ተብሎ ይመለሳል። በ2015 የኮሎራዶ ባልና ሚስት፣ ሕንፃቸውን ለማሪዋና መሸጫ ያከራዩ ጭምር፣ በዚህ ምክንያት ተመልሰዋል። የሚቀረው በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት የሚሾም ባለአደራ ነው። አበዳሪም ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን አስቀድሞ ከፍ ያደርጋል።

አክሲዮኑ ወዴት ሄደ?

በዚህ ሁሉ ምክንያት የኒውዮርክና የናስዳክ ገበያዎች በአሜሪካ ውስጥ ዕፁን በቀጥታ የሚያመርቱና የሚሸጡ ኩባንያዎችን አልመዘገቡም። ካናዳ በመላ አገሪቱ ስለፈቀደች ግን የካናዳ ኩባንያዎች በኒውዮርክ ሊሸጡ ቻሉ። እንደ ኪዩራሊፍ፣ ግሪን ተምብና ትሩሊቭ ያሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ደግሞ በ2018 አክሲዮናቸውን ለማስመዝገብ ወደ ካናዳ ሴኩሪቲስ ኤክስቼንጅ ሄዱ። የአሜሪካ ሱቅ ካፒታሉን ለመሰብሰብ ድንበር ተሻገረ፤ የካናዳው ኩባንያ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ኒውዮርክ መጣ።

ይህ የተጣመመ መንገድ የራሱ አደጋ ነበረው። ብዙ ገንዘብ ጥቂት አክሲዮኖችን ማሳደድ ጀመረ። የካናዳው ቲልሬይ በጁላይ 2018 በናስዳክ በ17 ዶላር ጀምሮ በሴፕቴምበር 19 ቀን በግብይቱ መሐል 300 ዶላር ነካ። በማርች 2020 ከመነሻው ዋጋ እጅግ በታች ወርዶ ነበር። ጫፉ ላይ የገዛ ሰው ገንዘቡን የበላው ወሬ እንጂ ንግድ አልነበረም።

በዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን

ጉዳዩ ሩቅ የሚመስለው ካለ በዴንቨር፣ በሲያትልና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዘመድ ያለው ያስብበት። ዜግነት የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት እንጂ ክፍለ ግዛቱ አይደለም። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ በማሪዋና ንግድ ተቀጥሮ መሥራት ለዜግነት የሚያስፈልገውን የመልካም ጠባይ መመዘኛ ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። ግሪን ካርድ ይዞ በሱቅ ገንዘብ ተቀባይነት የተቀጠረ ሰው ደመወዙ ሕጋዊ፣ ግብሩ የተከፈለ ሆኖ የዜግነት ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። ሥራውን ከመቀበል፣ ሕንፃ ከማከራየት ወይም ድርሻ ከመግዛት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር የግድ ነው።

የዋሽንግተን ዲሲም ሁኔታ ልብ ይሏል። ነዋሪው በ2014 በድምፁ መያዝንና በቤት ማብቀልን ፈቀደ። ከተማዪቱ ክፍለ ግዛት ባለመሆኗ በጀቷ በኮንግረስ እጅ ነው፤ ኮንግረስም የመደበኛ ሽያጭ ሥርዓት እንዳትዘረጋ በበጀት በኩል አገዳት። መያዝ ተፈቀደ፣ መሸጥ ታገደ።

መደቡ ቢለወጥስ?

የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት በኦገስት 2023 ማሪዋና ወደ ሦስተኛው መደብ እንዲወርድ ሐሳብ አቀረበ። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በሜይ 2024 ረቂቁን አወጣ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዲሴምበር 2025 ሥራው እንዲፋጠን ትእዛዝ ፈረሙ። በየጊዜው እንዲህ ዓይነት ዜና ሲወጣ አክሲዮኑ ይዘላል። የገበያ ሰው ግን ዜናውን በሁለት መክፈል አለበት። በሦስተኛው መደብ ላይ 280ኢ አይሠራም፤ ስለዚህ ከላይ በምሳሌው ያየነው ነጋዴ 84,000 ሳይሆን 21,000 ዶላር ይከፍላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሦስተኛው መደብ ያለ መድኃኒትም ያለፌዴራል ፈቃድና ያለሐኪም ማዘዣ በሱቅ መሸጡ አይፈቀድም። ግብሩ ይቀላል፣ ግጭቱ አይፈታም።

ትምህርቱ

አገራችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ትላለች። የማሪዋና ነጋዴው ግን የተከለው አንድ ባላ ነው፤ ሌላውን የተከለው ሌላ ሰው ሲሆን፣ መቼ በእሱ ላይ እንደሚወድቅ አያውቅም። ማንኛውም ባለገንዘብ፣ በየትኛውም አገርና በየትኛውም ዕቃ ላይ፣ ከበላይ ሕግ ጋር በሚጋጭ ፈቃድ ሥር ከመግባቱ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቅ።

አንደኛ፣ የያዝኩት ሕግ ነው ወይስ አንነካህም የሚል ቃል? ቃል ከሆነ የሰጠው ባለሥልጣን ሲለወጥ ምን እሆናለሁ?

ሁለተኛ፣ ግብሬ የሚታሰበው በተጣራው ትርፍ ላይ ነው ወይስ ወጪዬ ሳይቀነስ?

ሦስተኛ፣ ገንዘቤን የት አስቀምጣለሁ? ያበደርኩትን ቢክዱኝ የትኛው ፍርድ ቤት ያስፈርድልኛል?

አራተኛ፣ ልውጣ ብል ድርሻዬን ማን ይገዛኛል? በየትኛው ገበያ?

ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ያለው ሰው አደጋውን ዋጋ አውጥቶለት ሊገባ ይችላል፤ ትርፉም ከአደጋው ጋር ይመዝን። መልስ የሌለው ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አይቶ አይጽናና። ያ ወረቀት ሱቁን ለመክፈት ይበቃል፤ ንብረቱን ለመጠበቅ አይበቃም።